ካሮቴን ማን አጠጣው?

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ሰፈራችን የጋራ አትክልት ቦታ ላወራችሁ ነው። ምስጋና አለብኝ፣ ከቆየም ደግሞ ይረሳል።

በካሮት ልጀምር። ካሮት ዘርታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ዘሩ በጣም ደቃቅ ነው። መዳፋችሁ ላይ ብታደርጉት ትንፋሻችሁ ይበትነዋል። ስለዚህ ጠልቆ አይቀበርም፣ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ችግሩ የላይኛው አፈር ቶሎ መድረቁ ነው። ዘሩ ደግሞ ለመብቀል ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት ይወስድበታል፤ ያን ሁሉ ጊዜ አፈሩ እርጥብ መሆን አለበት፣ መሃል ላይ ከደረቀ ማቆጥቆጥ የጀመረው ዘር እዚያው ይቀራል።

እኔ ዘራሁና በአራተኛው ቀን ታመምኩ። 12 ቀን ከቤት አልወጣሁም። ካሮቱን ተስፋ ቆርጬበት ነበር፣ ሲሻለኝ እንደገና እዘራለሁ ብዬ።

ተሽሎኝ ስሄድ መደቤ ላይ ጆንያ ተነጥፏል። የኔ አይደለም። ነፋስ እንዳይወስደው አራቱም ጫፍ ላይ ድንጋይ ተጭኖበታል። ነካሁት፣ እርጥብ ነው። ቀስ ብዬ ገለጥኩት። እንደ ክር የቀጠኑ፣ ገና አንገታቸውን ያላቀኑ ቡቃያዎች፣ በመስመር! እዚያው ተቀመጥኩ።

አጠገቤ መደብ ያላቸው እማማ ጎንበስ ብለው እየኮተኮቱ ነበር። «በጊዜ ደረስሽ ልጄ» አሉኝ። «በይ አሁን ጆንያውን አንሺው፣ ከበቀለ በኋላ ብርሃን ካላገኘ ይገረጣል።» ማን ሲያጠጣልኝ እንደነበር ጠየቅኳቸው። ቀና እንኳን አላሉም። «ያለፈ ያገደመው ነዋ!»

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አምና እያንዳንዱ መደብ ለየብቻው ይታጠር የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ፣ የኔን ማንም እንዳይነካብኝ። ሐሳቡ አላለፈም። አልፎ ቢሆን ኖሮ ካሮቴ አጥሩ ውስጥ በሰላም ይደርቅ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ልቤ ይነካል።

ጥግ ላይ የኮምፖስት ክምራችን አለ። ሁሉም ከቤቱ ልጣጭና ትርፍራፊ ያመጣል፣ ደረቅ ቅጠል ይጨመርበታል፣ ውሃ ረጨት ይደረግበታል፣ በየጊዜው ይገላበጣል። ጠዋት ብርድ ላይ ስትገለብጡት እንደ ድስት ይጨሳል። በውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ሲሠሩ መሃሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል፣ ብዙውን የአረም ዘር የሚገድለው ይሄ ግለት ነው። መጀመሪያ ቤቴ በባልዲ ሞክሬው ነበር፣ አልሞቀም። ለካ ግለቱን ይዞ ለማቆየት ክምሩ በቁመትም በወርድም ወደ 1 ሜትር መጠጋት አለበት። የአንድ ቤት ልጣጭ ከየት ተነስቶ እዚያ ይደርሳል?

እንዲህ ያለ ቦታ የትም ሲጀመር ብዙ ጊዜ መነሻው ቆሻሻ መጣያ የሆነ ባዶ መሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ኒውዮርክ ውስጥ ሊዝ ክሪስቲ የምትባል ሴት ከጓደኞቿና ከጎረቤቶቿ ጋር አንዱን ጥግ ከቆሻሻ አጽድታ አትክልት ቦታ አደረገችው። ዛሬም በስሟ እየተጠራ አለ። እሷ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ እስካሁን ያቆየው ግን የሚኮተኩተውና የሚያጠጣው ሰው አለመጥፋቱ ነው።

«ካሮት ከገበያ አትገዢም? ይሄ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚሉኝ አሉ። እገዛለሁ። ግን እኔ ያን ሰፈር ስኖር ስንት ዓመቴ፣ የላይኛው ቤት ሰውዬ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ያወቅኩት ቧንቧው ጋ ተራ ስንጠብቅ ነው። አሁን ባልዲያቸውን የምሸከምላቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ደግሞ ቲማቲም እንዴት እንደሚደገፍ አሳዩኝ፤ ግንዱ ሲወፍር እንዳይቆረጥ ገመዱን ላላ አድርጎ ማሰር፣ ቅጠሉን ትቶ ሥሩን ማጠጣት።

ጆንያውን አጥቤ ልመልስ ባለቤቱን ፈለግኩ። የኔ ነው የሚል ጠፋ። አሁን ቆስጣ የዘራ አንድ ልጅ መደብ ላይ ተነጥፏል። ልጁ ፈተና ላይ ነው መሰለኝ፣ ሰሞኑን አላየሁትም። ትናንት አመሻሽ ላይ ሳልፍ ነካ አደረግኩት፣ ደርቋል። ማጠጫዬን ሞልቼ ተመለስኩ።