ጂጂ፦ ጉራማይሌ ሆኖ ያልተበረዘ ድምፅ

«ጉራማይሌ» የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። ድሮ ሴቶች ድዳቸውን ሲነቀሱ አንዱን ቦታ አጥቁረው ሌላውን እንዳለ ይተዉት ነበር። ዛሬ ደግሞ አማርኛና እንግሊዝኛ እያቀላቀለ የሚያወራውን ሰው ጉራማይሌ ያወራል እንላለን። ድምፃዊቷ ጂጂ ይህንኑ ቃል ለአንድ ዘፈኗ ርዕስ አድርጋዋለች። የሙዚቃ ሕይወቷን በአንድ ቃል ግለጽ ብትሉኝ እኔም ሌላ ቃል አልፈልግም።

ጂጂ፣ በሙሉ ስሟ እጅጋየሁ ሽባባው፣ የተወለደችው በ1974 ጎጃም፣ ቻግኒ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።) ልጅ ሆና እቤታቸው ውስጥ ከአንድ ቄስ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ለምዳለች። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ካደገች በኋላ ኬንያ ኖረች፣ ከዚያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደች። እዚያ ክሪስ ብላክዌል አገኛት። የቦብ ማርሌን ሙዚቃ ለዓለም ያደረሰው የአይላንድ ሬከርድስ መሥራች ማለት ነው። ፓልም ፒክቸርስ በተባለው ኩባንያው አስፈረማት። ፕሮዲውሰሩ ደግሞ ቢል ላስዌል ሆነ፣ በኋላ ባሏም የሆነው።

በ2001 «ጂጂ» የተባለው አልበም ወጣ። እስቲ ማን ማን እንደተጫወተበት ተመልከቱ። ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር፣ ከማይልስ ዴቪስ ጋር የነበሩት። ፋሮዋ ሳንደርስ፣ ከጆን ኮልትሬን ጋር የነፋው። የጃዝ ቁንጮዎች ናቸው! ዘፈኑ ግን አማርኛ ነው፣ ግጥሙም የራሷ።

እኔን የሚገርመኝ የስሞቹ ዝርዝር አይደለም። የእኛ ቅኝት፣ ትዝታም በሉት ባቲ፣ አምስት ድምፅ ነው ያለው። ከሥሩ ብዙ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሲደረደርበት ጣዕሙ ቶሎ ይጠፋል፣ ዜማው አገሩን ይለቃል። ጂጂ ጋ ይህ አይሆንም። ቤዙና ከበሮው ወደ ሬጌ ይሂድ ወደ ፈንክ፣ እሷ ዜማዋን አትለቅም። አንዲት ፊደል ይዛ ከፍ ትላለች፣ ታወዛውዛታለች፣ ቀስ ብላ ታወርዳታለች፣ ሙዚቃው ደግሞ እሷን ይጠብቃል። ያቺ እቤት የተለመደች የቤተ ክርስቲያን ዜማ ለእኔ የምትሰማው እዚህ ጋ ነው።

«ዓድዋ»ን አስታውሱ። የድል በዓሉ በደረሰ ቁጥር በየቦታው የምንሰማው ዘፈን ነው። አይቸኩልም፣ እስክስታ አያስመታም። ድምፅዋ ፊት ለፊት ነው፣ ቃሉ አንድ በአንድ ይሰማል። ስለ ጦርነት ሲዘፈን ፉከራና ሽለላ ለለመደ ጆሮ እንዲህ በእርጋታ መዝፈን ድፍረት ይጠይቃል። እኔ ስሰማው ዛሬም ሰውነቴን ይወረኛል።

ከዚያ በኋላ መንገዷ ለሁለት የተከፈለ ይመስላል። በ2003 ላስዌል የ2001ዱን አልበም ወስዶ በደብ ስልት ሠራው። ደብ ማለት ከጃማይካ የመጣ አሠራር ነው፦ ቤዝና ከበሮ ፊት ይመጣሉ፣ ድምፅዋ ብቅ ብሎ በገደል ማሚቶ ይርቃል። በዚያው ዓመት «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በሚል ስም የወጣው «ጽዮን ሩትስ» ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ክራሩ ቀረብ ብሎ የሚሰማበት፣ ወደ አገር ቤት የሚመልስ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስሟቸው። እኔ ወደ «ጽዮን ሩትስ» አደላለሁ፣ ድምፅዋ እርቃኑን ስለሚሰማ።

በ2006 «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» መጣ፣ ሰምና ወርቅ ማለት ነው። ታብላ የተባለው የሕንድ ከበሮ ሳይቀር ገብቶበታል። ርዕሱን ግን ከቅኔ ቤት ነው ያመጣችው። በ2010 ደግሞ ከላስዌል «ማቴሪያል» ባንድ ጋር መድረክ ላይ የተቀዳው «ምስጋና ኢትዮጵያ» ተከተለ።

አዲስ ከሆናችሁ ከ2001ዱ አልበም ጀምሩ፣ በጆሮ ማዳመጫ። መጀመሪያ ድምፅዋን ብቻ ተከተሉ። ሁለተኛ ስትሰሙት ቤዙን ያዙ።