አንድ ገጽ ነው የጠየቅነው፦ በጤናና አካባቢ ተመራማሪዎች ማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ የማኅበራችን መሥራቾች፣ ውድ አባላት፤ እንኳን በደህና መጣችሁ። አዳራሹን በነፃ የሰጡንን እናመሰግናለን። ከክልል መንገዱን ችላችሁ የመጣችሁ ልዩ ምስጋና ይገባችኋል። የአጋር ድርጅቶች ተወካዮችም እንዲሁ። ለምስጋና የተመደበልኝ ደቂቃ ገና አላለቀም፤ የተረፈውን ለሌላ ጉዳይ ስለምፈልገው እዚህ ላይ ይብቃኝ።

የዓመቱን ሥራም በአጭሩ። መጽሔታችን ዘግይቶም ቢሆን ወጥቷል። ለወጣት ተመራማሪዎች የጽሑፍ አዘገጃጀት ሥልጠና ሰጥተናል። ቤተ መጻሕፍታችን የተወሰኑ አዳዲስ መጻሕፍት አግኝቷል። የሒሳቡን ነገር ኦዲተራችን ከሻይ በኋላ ያቀርባሉ። ሌላው በሪፖርቱ ላይ አለ፤ የሚያነብ ካለ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ዓመቱን ሙሉ ስንነታረክበት የከረምነውን ጉዳይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከማኅበሩ የጥናት ወይም የጉዞ ድጋፍ የሚጠይቅ አባል፣ ቀደም ሲል የሠራውን ጥናት ውጤት ለተጠናው ቀበሌ መመለሱን ያሳይ የሚለው ሐሳብ ነው። በአንድ ገጽ፣ ሰዉ በሚሰማው ቋንቋ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ይህች አንድ ገጽ ሥራ አስፈጻሚውን ለሁለት ከፈለች። ጓደኛሞችን አኳረፈች። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረንባታል። ድምፅ እንስጥ ተብሎ ስብሰባ ሲጠራ ግን ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። አበል ያለው ወርክሾፕ ቢሆን ኖሮ ወንበር ተበድረን ነበር።

ነገሩ እንዴት እንደተነሣ ለማታውቁት ልንገራችሁ። ባለፈው በጋ በአንዲት የምሥራቅ ከተማ የወባ ትንኝ እጭ ፍለጋ ቤት ለቤት እንዞር ነበር። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ከእኛ በፊት እዚያ ያጠናው አባላችን እንዳይሸማቀቅ። አንዲት እናት ግቢ ገባን። ጥግ ላይ ሰማያዊ በርሜል ቆሟል። ክዳኑ ጠፍቶ በአሮጌ ሻሽ ተሸፍኗል፤ ሻሹ እንዳይነሣ ጣሳ ተጭኖበታል። ቴክኒሻኑ ጭልፋውን ከቦርሳው አወጣ። እናትየዋ ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ "ደግሞ መጣችሁ?" አሉን። እኛ ገና መምጣታችን ነው አልናቸው። "ሰዉ ነው የሚለያየው፤ ጭልፋው ያው ነው። አምና ከዚሁ በርሜል ቀድታችሁ በጠርሙስ ይዛችሁ ሄዳችሁ። ምን አገኛችሁበት?"

እርስ በርስ ተያየን። የአምናው ጥናት ለጥያቄያቸው መልስ ነበረው። ታትሟል። ካርታ አለው፣ ሠንጠረዥ አለው፣ የትንኟ እጭ ዓይነት በላቲን ስሙ ተጽፏል። ሻሹ መሐሉ ላይ ተቀዶ ትንኝ እንደሚያስገባ ለእሳቸው የነገራቸው ግን የለም።

ለእንግዶቻችን ትንሽ ላብራራ። ዓመተ ምሕረቶቹን የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ ነው። በርሜሉ ውስጥ የምንፈልጋት፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ የእኛ አልነበረችም። አገሯ ደቡብ እስያና የዓረብ ምድር ነው። በ2012 ጅቡቲ ላይ ታየች። በ2016 በእኛው ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ተገኘች። የለመድናት የወባ ትንኝ ዝናብ ጠብቃ ኩሬ ላይ የምትራባ ባላገር ናት። ይቺኛዋ ከተሜ ናት። በርሜል ውስጥ፣ ሮቶ ውስጥ፣ ለግንባታ ውሃ በተጠራቀመበት ጉድጓድ ውስጥ ትፈለፈላለች። ዝናብ አትጠብቅም።

በ2022 ድሬዳዋ ላይ በበጋ ወባ ተነሣ። ከታመሙት ውስጥ በዩኒቨርሲቲው ዶርም የሚኖሩ ተማሪዎች ይገኙበታል። የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ወረርሽኙ ከዚችው ትንኝ ጋር መያያዙን አሳዩ። ውጤቱ በ2023 ታትሞ በዓለም ዙሪያ ተነበበ። በዚህ እኮራለሁ። ወባ የገጠርና የክረምት ማግሥት በሽታ ነው ብሎ የተማረ ሁሉ እንደገና እንዲያስብ ያደረገ ሥራ ነው።

ግን ልብ በሉ፤ በርሜሉ ግቢ ውስጥ የቆመው ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ ነው። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል አስወግዱ ብሎ መምከር ቀልድ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የውሃና ፍሳሽም፣ የከተማ አስተዳደርም፣ የኑሮም ጉዳይ ነው። እነዚህ ሁሉ እስኪስተካከሉ ዓመታት ያልፋሉ። በርሜሉን ዛሬ ማታ መክደን የሚችሉት ግን እኚያ እናት ናቸው። እኛም የነገርነው ለሁሉም ነው፤ ከእሳቸው በስተቀር።

ይህ ደግሞ በትንኝ ጥናት ብቻ የመጣ ችግር አይደለም። በ1999 የታተመውን የትግራይ ግድቦች ጥናት ብዙዎቻችን እናስተምረዋለን። ለመስኖ በተሠሩ ትናንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት፣ ራቅ ብለው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል በወባ ሲታመሙ ተገኝተዋል። ቦታው ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። አካባቢን ስትነካ ጤናን እንደምትነካ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ተማሪዎቼን "ይህን ጥናት ያነበበ?" ስላቸው እጅ ይወጣል። "በወረዳችሁ ግድብ ሲሠራ ይህን ለገበሬው የነገረ?" ስላቸው ክፍሉ ጭጭ ይላል።

ዶክተር አክሊሉ ለማንማ በየንግግራችን እንጠራዋለን። በ1964 ዓድዋ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዝያ የሚባለውን የጥገኛ ትል በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ነገሩን ተከታተለው። እሱና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ ለልብስ እንደሚሆን የሚያውቁት እነማን ነበሩ? ልብስ አጣቢዎቹ። ዕውቀቱ ከእነሱ ተነሥቶ ነው ላቦራቶሪ የገባው። እኛ ግን ከሕዝቡ ዘንድ መውሰዱን ተክነንበታል፤ መመለሱ ላይ ነው እጃችን የሚያጥረው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። "ይህ የጤና ቢሮ ሥራ ነው" ያላችሁ አላችሁ። ቢሮው የእናንተን ጽሑፍ ከየት አምጥቶ ያነባል? "መጽሔቶቹ ይከለክላሉ" ያላችሁም አላችሁ። ከታተመ በኋላ ለቀበሌ መንገርን የሚከለክል መጽሔት አሳዩኝና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንድ የማከብረው ክርክር አለ። ያነሡት በስምጥ ሸለቆ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር የሚያጠኑ አባሎቻችን ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ከዚህ ብዙ እጥፍ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ይሆናል። ለረጅም ዓመት የጠጣው ሰው አጥንት ይደድራል፤ ወገቡም አንገቱም አልታጠፍ ይላል። "ሌላ ውሃ ሳንሰጥ ውሃችሁ ይጎዳችኋል ብለን ሰውን እናስጨንቅ?" አሉ። ከባድ ጥያቄ ነው። እኔም ብዙ አስቤበታለሁ።

መልሴ ይኸው። ሕዝቡ አሁንም የሚያደርገው ነገር አለ፤ እያፈላ ነው የሚጠጣው። ለተቅማጥ ያስተማርነው እኛው ነን፤ ትክክልም ነበር። ፍሎራይድን ግን ማፍላት አያጠፋውም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ጭራሽ ይጠናከራል። እናት ማገዶ እየፈጀች ልጄን አዳንኩ ብላ ታስባለች። ይህን አለመንገር ሰውን ከጭንቀት ማዳን ነው? ሌላም አለ። ቋሚ ጥርስ በድዱ ውስጥ የሚሠራው ልጁ ስምንት ዓመት ገደማ እስኪሆነው ነው። በክረምት ከቆርቆሮ ላይ የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ካለ፣ ቅድሚያ ለትንንሾቹ ይሁን ማለት ይቻላል። አዲስ ጉድጓድ የሚቆፍር አካል ሲመጣም "መጀመሪያ አስመርምሩልን" ብለው እንዲጠይቁ ማድረግ ይቻላል። ይህ ሁሉ ተጽፎ አንድ ገጽ አይሞላም።

የምናጠናው ሰው ስለሚፈርመው የስምምነት ቅጽም አንድ ነገር ልበል። ሁላችንም የምንጠቀምበት ቅጽ መጨረሻው ላይ "የጥናቱ ውጤት ለአካባቢው ኅብረተሰብ ይገለጻል" ይላል። የጻፍነው እኛ ነን፤ አሁን አሁን ደግሞ ኮፒ ፔስት ነው የምናደርገው። ሰዉ ይነበብለታል፣ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ያ የጣት አሻራ ውል ነው። ስለዚህ አዲስ ግዴታ ጫናችሁብን አትበሉኝ። የፈረማችሁትን ነው የምጠይቃችሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ ኦዲተራችን ያሳፍሩናል። ለትርጉምና ለኅትመት ትንሽ ፈንድ እንመድብ ብለን ነበር። ከአባልነት መዋጮ ነበር የሚወጣው። መዋጮው አልተከፈለም። የዓመቱ መዋጮ ከአንድ ኪሎ ሥጋ እንደማይበልጥ ታውቃላችሁ። ውጭ አገር ያላችሁ አባላትም፣ በዶላር ሲመነዘር ስንት እንደሆነ ለመናገር እኔው አፍራለሁ። በዙም ገብታችሁ "ማኅበሩ ለምን አይንቀሳቀስም?" ትሉናላችሁ። ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ደረሰኝ ቁጥራችሁን ጨምራችሁ ጠይቁን።

ዛሬ እዚህ የሌላችሁም ይህን ንግግር ግሩፑ ላይ እንደምታነቡት አውቃለሁ። ከእናንተ መካከል አንድ ሰው በግል ላናግር።

ጋሼ፣ ስምዎን አልጠራም። ሐሳቡን አጥብቀው የተቃወሙት እርስዎ ነዎት፤ ዛሬም አልመጡም። "ተመራማሪ ሰባኪ አይደለም" ብለው የጻፉትን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እኔን መስክ ይዘው የወጡት ግን እርስዎ ነበሩ። ዝሆኔ የምንለውን የእግር እብጠት ስናጠና፣ ወላይታ ውስጥ። በባዶ እግር ለዓመታት ቀዩን የእሳተ ገሞራ አፈር ከመርገጥ የሚመጣ በሽታ መሆኑን የብሪታኒያው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ ባደረገው ምርምር አሳይቷል። የመንደሩ ሰው ግን እርግማን ነው፣ የዘር ነው ይል ነበር። የታመመ ሰው ያለበትን ቤት ልጅ ለትዳር የሚጠይቅ አልነበረም። እርስዎ ጎንበስ አሉ። የአንድ ገበሬ እግር ሳፋ ውስጥ አስገብተው በሳሙና አጠቡ፤ በጣቶቹ መሐል እየገቡ ቀስ ብለው አደረቁት፣ ቅባት ቀቡት። እያጠቡ ስለ አፈሩና ስለ ጫማው ይነግሩት ነበር። ሰውየው "የአባቴ ኃጢአት አይደለም ማለት ነው?" ሲልዎት አጠገብዎ ነበርኩ። መጠይቁን ገና አልሞላንም ነበር። ያንን ምን ይሉታል? ስብከት ነበር? ለእኔ ከዚያ በኋላ ያየሁት መድኃኒት ሁሉ ከዚያ መልስ ያንሳል። የተጠየቅነው አንድ ገጽ ያችኑ የእርስዎን ወሬ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ሐሳቡን መቃወም መብትዎ ነው። መጥተው፣ ተነሥተው ይቃወሙን። ወንበርዎ ከፊት ነው፤ ማንንም አላስቀመጥንበትም።

ለወጣቶቹም አንድ ነገር። የደረጃ ዕድገታችሁ የሚታየው በታተመ ጽሑፍ ብዛት መሆኑን አውቃለሁ። ቀበሌ ሄዶ ውጤት ያስረዳ ነጥብ አይሰጠውም። ይህ ስሕተት ነው፤ ለማስቀየርም ማኅበሩ ለሚመለከታቸው ዩኒቨርሲቲዎች ደብዳቤ አዘጋጅቷል። ግን ዛሬ ድምፅ ያልተሰጠበትን ሐሳብ ነገ ይዘን ብንሄድ "እናንተ ራሳችሁ አልተስማማችሁበትም" ይሉናል። እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ የዛሬው አሠራር እንዲህ ነው። ጥናቶቹ እስከ ምሳ ይቀርባሉ። ድምፅ አሰጣጡ ከምሳ በፊት እንዲሆን ወስነናል። ፕሮግራሙ ላይ ከምሳ በኋላ ይላል፤ ቀይረነዋል። ምክንያቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መሄድ ግድ የሆነበት አባል ውክልናውን በጽሑፍ ለጸሐፊዋ ይስጥ። የምትቃወሙም ተቃወሙ፣ የምትደግፉም ደግፉ፤ ብቻ ቁጭ በሉልን። ምልዓተ ጉባኤ መሙላቱን ጸሐፊዋ አሁን ቆጥራ ነግራኛለች፤ በጥቂት ሰው ነው የሞላው። ሻይው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ይታደላል፤ ወጣ ማለት አያስፈልግም።

ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል። የመጀመሪያውን ጥናት አቅራቢ ወደ መድረክ እጋብዛለሁ።