ገመዱ ከተሳበ በኋላ

እየቀዳ ነው? አዎ። ጄኔሬተሩ የጎረቤት ነው፣ ቻሉት፤ ጅማን ታውቋታላችሁ።

ካፒቴኑ ደውሎ ነበር። ካፒቴኑ የምለው ስዊዘርላንድ ና፣ ገደል አብረን እንውረድ ያለኝን ሰውዬ ነው። እሑድ ነው፤ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌዋለሁ፣ እማዬ ቡና ትቆላለች፣ እሱ እዚያው ስዊዘርላንድ፣ ቤሊንዞና ከምትባል ከተማ ሆኖ የገደሉን ንድፍ ወደ ካሜራው ያስጠጋል። ካንዮኒንጉ፣ ማለት በወንዝ ገደል ውስጥ መውረዱ፣ ቲቺኖ በሚባለው የስዊዘርላንድ ክፍል ነው፣ ኢራኛ የሚባል ገደል። ከላይ ገብተህ ውሃውን እየተከተልክ ትዘላለህ፣ ትንሸራተታለህ፣ ፏፏቴው ሲረዝም በገመድ ትወርዳለህ። እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። የሄልሜት ቀለም ሁሉ መርጫለሁ!

ከዚያ «ሁላችንም ከወረድን በኋላ ገመዱን እንስበዋለን» አለ። ለሚቀጥለው ፏፏቴ ያስፈልጋላ።

እማዬ ማንከሽከሻውን ማወዛወዝ አቆመች። «ታዲያ በምን ትመለሳላችሁ?»

«አንመለስም እትዬ፣ ወደ ታች ብቻ ነው» አለ እየሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቡናው ማረር ጀመረ፣ ማንም አላነሳውም። እሱም ዝም፣ እኔም ዝም። ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን ነካ አደረግኩት። አልተቋረጠም። ሰውዬው እያየን ነው።

ያቺ ዝምታ አልወጣልኝም። ጥያቄዋ እኮ ልክ ነው። ገደሎቹ በሦስት ነገር ይለካሉ። አንዱ ለገመዱ፣ አንዱ ለውሃው፤ ሁለቱም እስከ 7 ይደርሳሉ። ሦስተኛው እስከ 6 ነው፣ ደራሽ ቢመጣ ውሃ ወደማይደርስበት ቦታ ለመውጣት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ የሚነግርህ እሱ ነው። ካፒቴኑ ሁለቱን አነበበልኝ። ሦስተኛውን... አንብቦት ይሆናል፣ ቡናው ሲንጣጣ አልሰማሁት ይሆናል።

ደግሞ «በበጋ ነው የምንገባው» ይላል። በጋ የሚለው ሐምሌን ነው! ለጅማ ሰው በሐምሌ ወንዝ ግባ ይባላል? ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ስለሚያመጣ በማለዳ እንገባለን አለ። እሺ። ቲቺኖ ውስጥ ከብዙዎቹ ገደሎች ላይኛው በኩል ለኃይል ማመንጫ የተገደበ ውሃ አለ፣ ሰማዩ ጠርቶም ሊለቁት ስለሚችሉ ቀድመህ ደውለህ ትጠይቃለህ። እዚህ ላይ ሳቄ መጣ። ግልገል ጊቤ አጠገብ ላደግነው ስለ ግድብ ሊያስረዳን! ግድቡም እዚህ፣ ጄኔሬተሩም እዚህ... ተዉት፣ አልገባበትም።

ግን በሐምሌ 1991፣ በፈረንጆቹ 1999 መሆኑ ነው፣ እዚያው ስዊዘርላንድ፣ ኢንተርላከን አጠገብ ሳክሰተንባክ ገደል ውስጥ 21 ሰው ሞቷል። ላይ ዘነበ፣ ደራሹ ታች ያሉትን ጠረጋቸው። ሦስቱ መሪዎች ናቸው። ገደሉን የሚያውቁት ማለት ነው። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም። ለካፒቴኑም አላነሳሁበትም፣ እሱ እንደሚያውቀው እርግጠኛ ነኝ። ያውቀዋል አይደል?

ለጎማ ልብሱ ቁመትና ክብደትህን ላክ ብሎኛል፣ ውሃው በበጋቸውም ይቀዘቅዛል። ቁመቱን ላክሁ። ክብደቱ የግል ጉዳይ ነው።

ሦስተኛውን ቁጥር መጠየቅ እችላለሁ፤ አንድ መልእክት ነው። ግን ነግሮኝ ብቀርስ? ነግሮኝ ብሄድስ? ቪዛው ራሱ ገና እኮ ነው፣ እኔ እዚህ ገደል እለካለሁ። ቢከለክሉኝ ደስ ይለኛል? አይለኝም። ማለቴ... ትንሽ... እንጃ።