ሐዋሳ የቢሮ አገልግሎት ድርጅቶችን እንድትስብ ከእኛ የሚጠበቀው፦ በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ የከተማ አስተዳደሩና የዩኒቨርሲቲው ተወካዮች፣ ክቡራትና ክቡራን፤ እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ። ከይርጋለም፣ ከወንዶ ገነትና ከሻሸመኔ ድረስ ለመጣችሁ አባላት ምስጋናችን የላቀ ነው። አዳራሹን ለፈቀዱልንም እግዚአብሔር ይስጥልን። ጊዜያችን አጭር ነውና ወደ ጉዳያችን ልግባ።

የዘንድሮውን ሥራ በጥቂቱ ላንሳ። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሆነን ለተመራቂዎች የእንግሊዝኛ የማዳመጥ ችሎታና የኮምፒውተር ጽሕፈት ፍጥነት መለኪያ ፈተና ጀምረናል። በፒያሳ፣ በአቶቴና በሐይቅ ዳር ያሉ ክፍት ፎቆችን ሜትር ይዘን ለክተናል። የከተማ አስተዳደሩም ጉዳያችንን የሚከታተል ባለሙያ መድቦልናል። የኮሚቴ አባላቱ ይህን ሁሉ የሠሩት ያለ አበል ነው፤ በዚህ እኮራለሁ። ዝርዝሩ በእጃችሁ ባለው ሪፖርት ውስጥ አለ።

እኔ ዛሬ የምቆየው ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳን ጉዳይ ላይ ነው፤ እሱም የቢሮ አገልግሎት ድርጅቶችን፣ ማለትም ለሌሎች ድርጅቶች ሒሳብ የሚይዙና የደንበኛ ጥሪ የሚቀበሉትን፣ ወደ ሐዋሳ መሳብ ነው።

ለውጭ ደንበኞች ሒሳብ የሚይዝና የደመወዝ መክፈያ የሚያዘጋጅ አንድ ድርጅት ሐዋሳን ከሌሎች ሁለት ከተሞች ጋር አወዳድሮ ለመምረጥ ጥያቄዎች ልኮልን ነበር። ስለ ሐይቁ ውበትም ሆነ ስለ አየሩ የጠየቀው ነገር የለም። ሁለት ዓመት የሠራ ሒሳብ ሠራተኛ በወር ስንት ያገኛል? የቡድን መሪስ? አንድ ሠራተኛ በአማካይ ስንት ወር ይቆያል? ባለፉት 12 ወራት መብራት ስንት ጊዜ ጠፋ፣ በእያንዳንዱስ ስንት ደቂቃ ቆየ? ሳይከፋፈል ከ500 ካሬ ሜትር በላይ የሚሆን አንድ ፎቅ የትኛው ሕንፃ ላይ አለ? የኢንተርኔት መስመሩ ፋይበር ወደ ሕንፃው የሚገባው በስንት አቅጣጫ ነው? ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ሠራተኛ በምን ቤቱ ይገባል? መልሱን በ10 የሥራ ቀናት ፈልገውት ነበር። እኛ በሰባተኛው ሳምንት ግማሹን ላክን። አልመጡም።

ይህን ለወቀሳ ብቻ አላነሳሁትም። እነዚህን ጥያቄዎች ከአዲስ አበባ ማንም ሊመልስልን አይችልም። ማዘጋጃ ቤቱም አያውቃቸውም። መልሱ ያለው በእናንተ የደመወዝ መዝገብ፣ በእናንተ ቆጣሪ ክፍል፣ በእናንተ ሕንፃ ደረጃ ሥር ነው።

ከደመወዙ ልጀምር፤ ከሁሉ የከረረ ጭቅጭቅ ያነሳው እሱ ነውና። ቅጹን ለሁሉም አባል በትነን የመለሱልን በሁለት እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሁለት ምክንያት ተነግሮናል። አንደኛው «ደመወዛችን ምስጢር ነው» የሚል ነው። ይገባናል። ስለዚህ ቅጹ የድርጅት ስም የለበትም፤ በታሸገ ፖስታ ይገባል፤ የሚከፍተው የውጭ ኦዲተራችን ብቻ ነው። ለአንድ የሥራ መደብ መልስ የሰጡት ድርጅቶች ከአምስት ካነሱ የዚያ መደብ አኃዝ ጨርሶ አይወጣም። አምስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑም የሚወጡት ደመወዞቹ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ተደርድረው ሩቡ፣ ግማሹና ሦስት ሩቡ ላይ የሚገኙት አኃዞች ብቻ ናቸው። የምንጠይቀው መሠረታዊ ደመወዝን፣ የትራንስፖርት አበልንና አሠሪው የሚከፍለውን 11 በመቶ ጡረታ ለየብቻ ነው። ጠያቂው ድርጅት የሚያሰላው ጠቅላላ ወጪውን ስለሆነ እነዚህ ተደባልቀው ከቀረቡ አኃዙ አይጠቅመውም።

ሁለተኛው ምክንያት «ሰዎቻችንን ይወስዱብናል» የሚል ነው። ይህ ፍርሃት መሠረት የለውም አልልም። አዲስ የሚገባ ድርጅት በመጀመሪያዎቹ ወራት የቡድን መሪና ልምድ ያለው ደመወዝ አዘጋጅ ከእናንተ መሳቡ አይቀርም። ግን እነዚሁ ልጆች ዛሬም ተቀምጠው አይጠብቁንም፤ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዘው አዲስ አበባ ይገባሉ፣ ሲሄዱም ከነልምዳቸው ነው። ድርጅቱ እዚህ ቢመጣ ግን ለአንድ ልምድ ላለው ሰው በርካታ ጀማሪ ይቀጥራል፤ ከአዋዳ ካምፓስ በሒሳብ አያያዝ ተመርቀው ቤታቸው የተቀመጡትን ያሠለጥናል። ከሁለት ዓመት በኋላ እኛም ከእነሱ እንቀጥራለን። ከመጪው ድርጅት ጋር በስድስት ወር ውስጥ ከአባላት ሠራተኛ ላለመውሰድ የጽሑፍ ስምምነት መነጋገርም ይቻላል። ይህን ለመነጋገር ግን መጀመሪያ ድርጅቱ መምጣት አለበት።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስጨንቀን እናንተ ታውቁታላችሁ። የኢንዱስትሪ ፓርካችን ሐምሌ 2008 ሲመረቅ ከተማው ሁሉ ተስፋ አደረገ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎአ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርቶች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሚገቡበት ዕድል፣ ስታስወጣ ግን ጉዳቱ በፓርኩ አጥር ውስጥ አልቀረም። ለሠራተኞቹ ቤት ያከራዩ፣ እንጀራ ያቀርቡ የነበሩ፣ ባጃጅ የሚነዱ ሁሉ ጉዳቱን ቀምሰውታል። አንድ ዓይነት ሥራን ለአንድ ገበያ እየሠራን ልንቀጥል አንችልም። የቢሮ አገልግሎት ጉምሩክ ላይ አይቆምም፤ ወደብም ኮንቴይነርም አይጠብቅም። የሚጠይቀው መብራት፣ መስመር፣ ሰውና እምነት ነው።

ትንሽ ከተማ አይመረጥም የሚለውን ሐሳብም መተው አለብን። በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ ያለችው ሱ ፎልስ በ1980 እ.ኤ.አ. ነዋሪዎቿ 81 ሺህ ገደማ ነበሩ። ሲቲባንክ ግን የክሬዲት ካርድ ሥራውን ከኒው ዮርክ አንሥቶ ወደዚያ ወሰደው፤ ግዛቱ የወለድ ጣሪያውን አንሥቶ ለባንኩ ጥያቄ ቶሎ መልስ ሰጥቷልና። የፖላንዷ ክራኮቭም የዩኒቨርሲቲዎቿን ልጆችና የሚናገሯቸውን ቋንቋዎች ይዛ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የቢሮ አገልግሎት ሠራተኛ ያላት ከተማ ሆናለች።

አሁን ወደ መብራቱና ወደ መስመሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ዝርዝር ታገሡኝ።

የ100 ወንበር፣ ማለትም 100 ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ተቀምጦ የሚሠራበት፣ የጥሪ ማዕከል ኮምፒውተሩ፣ መብራቱ፣ ማቀዝቀዣውና ሰርቨሩ ተደምሮ ከ30 እስከ 40 ኪሎዋት ይፈልጋል። ለዚህ አቅሙ 60 ኬቪኤ (ኪሎቮልት አምፔር) የሆነ ጄኔሬተር ይበቃል፤ በሰዓትም ከ10 እስከ 12 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያሉትን ከ10 እስከ 15 ሰከንዶች ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ወዲያው የሚተካው ባለባትሪ መሣሪያ፣ ይሸፍናል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ቦታ ግን የዩፒኤሱ ባትሪ ዕድሜው ስለሚያጥር ቅያሪው ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ መግባት አለበት። ይህን ሁሉ አሟልተው ሥራቸው የሚቆምባቸው ሕንፃዎች አይተናል። ችግሩ የተገኘው ደረጃው ሥር ነው፤ ፋይበሩን የምትቀበለው ትንሿ ሣጥን ከዘበኛው ማንቆርቆሪያ ጋር በአንድ ሶኬት ተሰክታ፣ ሶኬቱም ከጄኔሬተሩ መስመር ውጭ ሆኖ ተገኝቷል። ላይ ፎቅ መብራቱ በርቷል፣ ኮምፒውተሩም ይሠራል፣ ጥሪው ግን ተቋርጧል። መፍትሔው ጥቂት ሜትር ገመድና አንድ ትንሽ ዩፒኤስ ነበር።

መስመሩም እንደዚሁ ነው። አንድ የስልክ ጥሪ በኢንተርኔት ሲሄድ በያንዳንዱ አቅጣጫ 90 ኪሎቢት በሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ 100 ጥሪ በአንድ ጊዜ 9 ሜጋቢት ነው። ስለዚህ የሚቸግረን የመስመሩ ስፋት አይደለም። የሚቸግረን መዘግየትና መቆራረጥ ነው። ድምፁ ባንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ከዘገየ ተነጋጋሪዎቹ አንዱ የሌላውን ንግግር ማቋረጥ ይጀምራሉ፤ ከ100 የመረጃ ጥቅል ከ1 በላይ ከጠፋ ደግሞ ቃል ይዋጣል። ከ2015 መግቢያ ጀምሮ አገራችን ሁለት ቴሌኮም ስላላት ከሁለቱም መስመር መውሰድ ይቻላል። አንዱ መስመር ብቻውን በዓመት 99 በመቶ ቢሠራ 87 ሰዓት ያህል ይጠፋል። ራሳቸውን የቻሉ ሁለት መስመሮች ግን አብረው የሚጠፉት በዓመት አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ነው። ራሳቸውን የቻሉ የሚለውን አስምሩበት፤ ሁለቱም በአንድ ቦይ ከገቡ የመንገድ ቁፋሮው ኤክስካቫተር ሁለቱንም ባንድ አካፋ ይቆርጣቸዋል።

ታዲያ ይህን ለጠያቂ ድርጅት በማስረጃ ለማሳየት የለመንናችሁ አንድ ደብተር ነው። በየሕንፃው ዘበኛ ጋ የሚቀመጥ፣ አራት ዓምድ ያለው ደብተር፦ ቀን፣ የጠፋበት ሰዓት፣ የመጣበት ሰዓት፣ ጄኔሬተር ተነሥቶ እንደሆነ። 12 ወር የተሞላ እንዲህ ያለ መዝገብ፣ ብዙ መጥፋት ቢያሳይ እንኳ፣ «መብራት ብዙም አይጠፋም» ከሚል ደብዳቤ ይበልጣል። የሚመጣው ድርጅት በእሱ ላይ ተመሥርቶ ናፍጣውንና ባትሪውን ያሰላል። ዘንድሮ ደብተሩን ወስደው የመጀመሪያውን ገጽ እንኳ ያልጨረሱ አባላት አሉ። ይህ አሳዝኖኛል።

የሕንፃ ባለቤቶች ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ዛሬም የሉም። በስልክ ጠርተናቸዋል፣ በደብዳቤ ጠርተናቸዋል። እዚህ ያላችሁ ዘመዶቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ይህን አድርሱልን። ምድር ቤቱን ባንክ ተከራይቶታል፣ ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ያለው ግን ሱቅ ሱቅ ሆኖ ተከፋፍሎ ባዶውን አቧራ ይጠጣል። ለ100 ወንበር ከ500 እስከ 600 ካሬ ሜትር ክፍት ወለል፣ በቂ መጸዳጃ ቤት፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ሊፍት ያስፈልጋል። ግድግዳው ቀላል ብሎኬት ነው፣ ይነሣል። ኪራዩም የዓመት ቅድሚያ ካልተከፈለኝ፣ ውሉም በየዓመቱ ካልታደሰ ማለት ይቁም። ለገመድ፣ ለጄኔሬተርና ለሥልጠና ገንዘቡን የሚያፈስ ድርጅት የአምስት ዓመት ውልና አስቀድሞ የታወቀ የጭማሪ ስሌት ይፈልጋል። ባዶ ፎቅ ለሦስት ዓመት ከማቆየት ለአምስት ዓመት በመጠነኛ ዋጋ ማከራየት ምኑ ላይ ነው የሚያከስረው?

የትኛውን ሥራ እናስቀድም ለሚለው ኮሚቴው ያቀረበውን እደግፋለሁ። ለኒው ዮርክ የሚሠራ ፈረቃ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ጀምሮ ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ያበቃል፤ እዚያ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም። በዚያ ሰዓት ባጃጅ የለም። ሰርቪስ ሳይዘጋጅ ሴት ልጅን በዚያ ሰዓት ማሰናበት አይታሰብም፤ ነፍሰ ጡርን ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተከለከለ ነው። ሪያድ ግን ሰዓቷ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ከሳዑዲና ከኩዌት ተመልሰው ዓረብኛን እንደ ውኃ የሚናገሩ እህቶች በከተማችን አሉ። ማንም ሙያ ብሎ የቆጠረላቸው የለም። ቀን የሚሠራ የዓረብኛ የደንበኞች አገልግሎት ከእነሱ ጋር ሊጀመር ይችላል፤ የቤት ውስጥ ዓረብኛቸውን ወደ ቢሮ ዓረብኛ ለማሳደግ ሥልጠና ይበቃል። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው የአማርኛ የስልክ ትርጉምም ሌላው በር ነው። እዚህ ላይ ግን የታካሚ መረጃ ከአገራቸው እንዳይወጣ የሚከለክሉ ውሎች ስለሚያጋጥሙ አስቀድሞ ማጣራት ያሻል።

የመረጃ ጥበቃው የኛም ግዴታ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ደንበኛ የሚጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ ሥራ ወለል ላይ ስልክ አይገባም፣ ወረቀት ከጠረጴዛ ላይ አያድርም፣ የሠራተኛው አሻራና ዋስ ከፋይሉ ይገኛል፣ ማን የትኛውን መዝገብ እንደከፈተ ይመዘገባል።

አጀማመሩም በ20 ወይም በ30 ወንበር ይሁን። ከ100 ተፈታኝ 10 ቢያልፍ 30 ወንበር ለመሙላት 300 ሰው መፈተን አለብን፤ ይህን ከዩኒቨርሲቲው ጋር ዛሬም መሥራት እንችላለን። በሺህ ወንበር ልንጀምር ብንነሣ ግን ፈታኙም ተፈታኙም አይበቃንም።

በመጨረሻ የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። የደመወዝ ቅጹ ከመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ከነፖስታው አለ፤ ዛሬ ሳትወጡ ውሰዱት፣ በ30 ቀን ውስጥ ለኦዲተሩ አስገቡት። ደብተሩም እዚያው አለ፤ ዘበኛችሁ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይጻፍበት። ለማታ ሰርቪስ የሚሆነውን የጋራ መዋጮ ቃል ገብታችሁ ያልከፈላችሁ አባላት፣ ሒሳብ ያዡ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ያልመጡት ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ኮሚቴው ቢሯቸው ድረስ ይሄዳል፤ ቅጹንም ደብተሩንም ይዞ ነው የሚሄደው።

አሁን የኦዲት ሪፖርቱ እንዲቀርብልን መድረኩን ለኦዲተራችን እለቃለሁ። አመሰግናለሁ።