ያችን ካርፕ ማን ነው የወሰዳት? የማኅበራችን ሊቀ መንበር በዓመታዊው ጉባኤ ያደረጉት የመክፈቻ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን ለሰጡን፣ ምግቡን ላዘጋጁልን እናቶች፣ ከጠዋት ጀምሮ ወንበር ሲደረድሩ ለዋሉት ልጆች ትልቅ ምስጋና አለኝ። ስማችሁን አንድ በአንድ ብጠራ ደስ ባለኝ። ግን አዳራሹን የምንለቀው 11 ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ዛሬ የማወራው ብዙ ነው።

የዓመቱን ሥራ ቶሎ ቶሎ ልበል። የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርት አልተቋረጠም። ሐዘን የገጠማቸውን አባላት እድራችን ደርሶላቸዋል። የዘመን መለወጫ በዓላችን ደመቅ ብሎ አልፏል። ስለ እግር ኳስ ቡድናችን ዝም ብል ይሻላል። ዝርዝሩ ታትሞ በር ላይ ተቀምጧል፣ ስትወጡ ውሰዱ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ ወዳናቆረን ነገር ልግባ። የዓሣው ጉዳይ።

አዲስ አባላት ዓሣ ለማጥመድ የምንሄድበትን የሐይቁን ጉዞ ለምን እንደጀመርን ላታውቁ ትችላላችሁ። እዚህ ማኅበር ውስጥ ክርስቲያን አለ፣ ሙስሊም አለ። ድሮ በየሰመሩ ሽርሽር ስንወጣ ሥጋው የማን ነው፣ ማን ባረከው እየተባለ ሁለት ቦታ ተከፍለን ነበር የምንበላው። አንድ ቀን አንድ አባት ተነሡና «ዓሣ እኮ የሁላችንም ነው» አሉ። ጉዞው የተወለደው ከዚያ ነው። እኔ እስከ ዛሬ የምኮራበት ሐሳብ ነው።

ከለንደን ወጣ ስትሉ ገጠሩ በእንዲህ ያለ ቦታ የተሞላ ነው። ባለ መሬቱ መሬቱን ቆፍሮ፣ ወይም ድሮ ጠጠር የወጣበትን ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት፣ ሦስት አራት ሐይቅ ያበጃል። ዓሣ ገዝቶ ይጨምርበታል። ዳር ዳሩን የእንጨት መቀመጫ ቦታ ሠርቶ ቁጥር ይለጥፍበታል፤ ፔግ ይሉታል። የቀን ትኬት ቆርጣችሁ ፔጋችሁ ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ሲመሽ ትሄዳላችሁ። አባልነት የለ፣ ምን የለ። አንዱ ሐይቅ ለውድድር ነው፣ አንዱ ካርፕ ለሚባለው ትልልቅ ዓሣ፣ አንዱ ደግሞ እንደኛ ጊዜውን ለማሳለፍ ለመጣ። ካርፕ አለ፣ ቴንች፣ ብሪም፣ ሮች፣ ፐርች አለ። ሳልሞንና ትራውት የሉም፤ የእነሱ ዋጋም ዓለምም ሌላ ነው። ወንዝ ላይ ከማርች 15 እስከ ጁን 15 እነ ካርፕን ማጥመድ ክልክል ነው። እንዲህ ያሉት ሐይቆች ግን ከ1995 ወዲህ በአብዛኛው ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው። የፋሲካ ሰሞን መሄድ የቻልነውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን የለም። ዓሣውን ይዞ መሄድ የለም። ትይዛላችሁ፣ ታያላችሁ፣ ፎቶ ትነሣላችሁ፣ ትለቃላችሁ።

ባለፈው ኦገስት የሆነውን ሁላችሁም በየፊናችሁ ሰምታችኋል። እኔ እዚያው ስለነበርኩ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጠባቂው ጠዋት ተቀብሎን ነበር። ሽማግሌ ሰው ነው፣ ትሑት። የእያንዳንዳችንን መንጠቆ ተቀብሎ በሹራቡ እጅጌ ላይ ጎተት ያደርገዋል። ክሩን ከያዘው መንጠቆው እሾህ አለው ማለት ነው፤ እሾህ ያለው መንጠቆ የዓሣውን አፍ ስለሚቀድድ አይፈቀድም። መረቦቻችንን መድኃኒት ያለበት በርሜል ውስጥ አስነከረን፣ ከሌላ ውሃ በሽታ እንዳናመጣ። ከዚያ ሳቅ ብሎ መልካም ቀን ተመኘልንና ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሻይውን ይዞ ሲመለስ ከአንዱ ፔግ ኋላ የተቀመጠው ሰማያዊ ማቀዝቀዣ ቦርሳ ተንቀሳቀሰ። ቆም አለ። ቦርሳው እንደገና ተንቀሳቀሰ። ዚፑ ሲከፈት ከለስላሳዎቹ መሀል የካርፕ ጅራት ብቅ አለ።

ሰውዬው አልጮኸም። ሻይውን ሣሩ ላይ አስቀመጠ፣ ተንበረከከ፣ ዓሣዋን በሁለት እጁ አቅፎ ውሃው ውስጥ ቀጥ አድርጎ ያዛት። ስንጥቧ መጀመሪያ ዝም ብሎ ነበር። ቆይቶ ከፈት ከደን ማለት ጀመረ። ጅራቷን ወዘወዘችና ሄደች። እሱ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ተነሣና ሁላችንም ዕቃችንን እንድንሰበስብ ነገረን። ሁላችንንም። በሕይወቱ የመጀመሪያውን ሮች ይዞ እያሳየን የነበረውን ልጅ ጨምሮ።

ከሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ማኅበሩ በጽሑፍ ዋስትና እስኪሰጥ ድረስ እንዳንመለስ ይላል።

ማን እንደወሰዳት ዛሬም አልጠይቅም። የኔ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ፣ ኧረ ለሦስት።

የመጀመሪያው ወገን «በገንዘባችን ገብተን ያጠመድነውን ለምን አንበላም?» ይላል። ይገባኛል። ሐዋሳ አሞራ ገደል ያደገ ሰው ዓሣ ከጀልባው ወርዶ እዚያው ሲበለትና ሲበላ ነው ያየው። ቆሮሶ ይዞ መልሶ ውሃ ውስጥ የሚጨምር ሰው እዚያ ቢገኝ ጠበል ይወሰድ ነበር። ግን ወገኖቼ፣ የከፈልነው ለቀኑ እንጂ ለዓሣው አይደለም። አልጋ የተከራየ ሰው አንሶላውን ይዞ አይወጣም። ያች ካርፕ ባለቤት አላት፤ ትልቅ ካርፕ ብዙ መቶ ፓውንድ ያወጣል። ከግል ውሃ ላይ ያለ ፈቃድ ዓሣ መውሰድ በ1968ቱ የስርቆት ሕግ በስም ተጠቅሶ የተቀመጠ ጥፋት ነው። «አላወቅንም» እንዳንል ደግሞ የሐይቁ ደንብ ትኬቱ ጀርባ ላይ ታትሟል፤ ዓሣና መጥበሻ ተሥሎበት በቀይ የተሰረዘ ሰሌዳም በሩ ላይ ቆሟል። ማንበብ እንኳን አይጠይቅም።

ይህን ክርክር የጀመርነው እኛ አይደለንም። ፖላንዶች በገና ዋዜማ ማዕዳቸው ላይ ካርፕ ያቀርባሉ፤ የአባት የአያት ወግ ነው። ወደዚህ አገር በብዛት ሲመጡ ከእንግሊዞቹ ጋር የተጋጩት በዚሁ ነገር ነው። አንግሊንግ ትረስት የሚባለው የአጥማጆች ድርጅት ቢልዲንግ ብሪጅስ የሚል ፕሮጀክት አቋቁሞ በየውሃው ዳር በፖላንድኛ፣ በሊትዌኒያኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ምልክት እስከማስተከል ደረሰ። የአማርኛ ምልክት እስካሁን አላየሁም። በእኛ ምክንያት እንዲጀመር ደግሞ አልፈልግም።

ሁለተኛው ወገን ጠባቂው ልክ ነው የሚለው ነው። እኔም እዚህ ነኝ። እንግሊዞቹ ለዓሣ ያላቸው ነገር መጀመሪያ እኔንም አስቆኝ ነበር። ኦንድል በምትባል ከተማ አካባቢ ብሉቤል የሚባሉ ሐይቆች አሉ። እዚያ ቤንሰን የምትባል ካርፕ ነበረች፣ ስም ያላት። በደህናው ጊዜዋ 29 ኪሎ ደርሳ ነበር። ከ60 ጊዜ በላይ ተይዛ ተለቃለች ይባላል። በ2009 ሞታ ስትገኝ ጋዜጦች እንደ ሰው ሞት ዘገቡት። ያኔ ሰው የጣለው ያልበሰለ ጥሬ ነው የገደላት ተብሎም ብዙ ተወራ። እንግዲህ ቆሎና ለውዝ ለዓሣ አትበትኑ እያልኩ የምጮኸው በክፋት አይደለም። ደረቅ ጥሬ ሆዷ ውስጥ ገብቶ ያብጣል። ሽምብራ ከሆነ አድሮ ተነክሮ በደንብ ይቀቀል፤ ያንንም ጠባቂውን ጠይቃችሁ። ከቆርቆሮ የሚወጣው በቆሎ ይበቃናል።

ሦስተኛው ወገን ጥቂት ሰው ነው፣ ግን ክርክሩ ከሁሉም የከበደኝ ነው። «ከበላችሁት ይገባል። ካልበላችሁት ግን አፉን በመንጠቆ መውጋት ምን ይባላል?» ይላሉ። አንዲት እናት ይህንን ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ፤ ዛሬም ያጠገበኝ መልስ የለኝም። እሳቸውን ግን አንድ ነገር ለምኛለሁ። የማጥመጃ ዘንግ አይያዙ፣ ከእኛ ጋር ግን ይምጡ። እሳት ስለማይፈቀድ ቡናው በፔርሙዝ ነው፣ እሱን ይቻሉን። (ፍልሰታ ላይ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ደግሞ ለአባቶች ትቻለሁ፤ እሱ ውስጥ አታስገቡኝ።)

የሚያበሳጨኝ ክርክሩ አይደለም። ክርክር ጤና ነው። የሚያበሳጨኝ ተከራክሮ መቅረት ነው። ከኦገስት በኋላ ኮሚቴው ጉዳዩን ለመጨረስ ስብሰባ ጠራ። ኮሚቴው ራሱ ብቻውን ተቀመጠ። ቴሌግራም ላይ ግን እስከ ሌሊት ድረስ ጦርነት ነው! በድምፅ መልእክት የሚሰድብ ሰው በእግሩ መምጣት እንዴት ያቅተዋል? በዋስትናው ላይ ፊርማ ስንጠይቅ ደግሞ «እኔ አልወሰድኩ፣ ለምን እፈርማለሁ» ተባለ። ማንም አልወሰደም፣ ማንም አልፈረመም። ካርፗ ራሷ ዚፑን ከፍታ ቦርሳው ውስጥ ገብታ ይሆናላ።

በዚህ ዓመት የፋሲካ ሰሞን ሌላ ሐይቅ ለምነን አገኘን። አውቶቡስ ተከራየን። ዝርዝሩ ሞልቶ ነበር፣ ስማችሁን ራሳችሁ ናችሁ የጻፋችሁት። ጠዋት ስንነሣ አውቶቡሱ ግማሹ ባዶ ነው። አውቶቡስ በሰው አይከፈልም፤ ሙሉ ሂሳቡ ተከፍሏል። ፔጎቹም አስቀድመው ተይዘው ስለነበር ተከፍሏል። የተከፈለው ከእድሩ ተበድረን ነው። ይህን ስናገር ያሳፍረኛል። የሰው የቀብር ገንዘብ ባዶ መቀመጫ ገጠር ወስዶ መለሰ።

ለመጡት ግን ጥሩ ቀን ነበር፣ እሱን አልክድም። የዘንግ ፈቃድ፣ ማለትም መንግሥት የሚሰጠው የማጥመጃ ፈቃድ፣ የሌለው አንድም ትልቅ ሰው አልነበረም። ያለ ፈቃድ የተገኘ እስከ 2,500 ፓውንድ ሊቀጣ እንደሚችል ስለምታውቁ ነው ብዬ አላሳንሳችሁም፤ ተጠንቅቃችሁ ነው። ከ13 እስከ 16 ዓመት ላሉት ልጆች ፈቃዱ በነጻ ነው፣ ማውጣት ግን ግዴታ ነው። ወላጆች ይህንንም አሟልታችኋል። ኦገስት ላይ ያባረሩብን ልጅ በዚህኛው ቀን አንድ ቴንች ያዘ። ወይራ የመሰለ አረንጓዴ፣ ዓይኑ ትንሽ ቀይ። ዓሣው የሚተኛበትን ምንጣፍ ራሱ አርጥቦ አስተኛው፣ መንጠቆውን ራሱ አወጣ፣ ማንም ሳያዘው ለቀቀው። አባቱ ከጎኑ አልነበረም። አባቱ ከቀሩት አንዱ ነው። ይህ ንግግር እየተቀረጸ ስለሆነ ወንድሜ፣ ትሰማኛለህ። ያኔ ስለተቀየምክ ልጅህን ከጎረቤት ጋር ላክኸው። ልጅህ ቀኑን ሙሉ መንገዱን ነበር የሚያየው።

ሌሎቻችሁም በቴሌግራም የምትሰሙ አላችሁ። እትዬ፣ ከመሥራቾቹ አንዷ ነዎት፤ ቤትዎ ድረስ መጥቼ ለምኛለሁ፣ ሌላ ጊዜም እመጣለሁ። ወጣቶቹ፣ «ሽማግሌዎቹ ይጨርሱት» ብላችሁ የተዋችሁት እናንተ ናችሁ። ሽማግሌዎቹ አልጨረሱትም።

እንግዲህ ኮሚቴው ይዞ የመጣው ሐሳብ ይህ ነው። ዓሣ መብላት የፈለገ ብዙ መንገድ አለው። ዲል የሚባል የኬንት ከተማ አለ፤ ባሕሩ ላይ የተሠራ ረጅም ድልድይ አለው፣ ትኬት ቆርጦ ማጥመድ ይቻላል። ከባሕር ለማጥመድ የዘንግ ፈቃድ አይጠየቅም። በሰመር ማኬሬል የሚባለው የባሕር ዓሣ ይመጣል። መጠኑ የደረሰውን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ማንም ቦርሳ አይከፍትባችሁም። የትራውት ሐይቆችም አሉ፤ የሁለት ዓሣ ትኬት ሲሸጡላችሁ ሁለቱን ውሰዱ ማለታቸው ነው። ጠዋት መነሣት የሚችል ደግሞ ቢሊንግስጌት የሚባለው የለንደን የዓሣ ገበያ አለለት። ስለዚህ አንድ ጉዞ ወደ ሐይቁ፣ አንድ ጉዞ ወደ ባሕሩ ይሁን። የሐይቁ ጉዞ ላይ የሚመጣ ሰው ዋስትናውን ሳይፈርም አውቶቡስ አይወጣም። ሊቀ መንበሩም ቢሆን። የማቀዝቀዣ ቦርሳ ሻንጣ ክፍል ተቆልፎበት ይቆያል።

ለዚያ ሽማግሌ ጠባቂ የይቅርታ ደብዳቤ ተጽፏል። ጠረጴዛው ላይ ነው። ፊርማ የሌለው ደብዳቤ አልክም፤ እኔ ፈርሜያለሁ፣ ቦታው ሰፊ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ ከቡና በኋላ እጅ እናወጣለን። ከዚያ በፊት ግን የአውቶቡሱ ዕዳ አለ። ገንዘብ ያዣችን መዝገቡን ይዛለች፣ ተመዝግቦ የቀረውን ሰው ስም በተራ ታነባለች። «ልኬያለሁ» የምትሉ ከወዲሁ ባንካችሁን በስልካችሁ ክፈቱና ደረሰኙን አዘጋጁ። እህቴ፣ መድረኩ ያንቺ ነው።