አንቲቫይረሱን አጠፋሁት ስትሉ ተመልሶ ለሚመጣባችሁ

[ስክሪኑ ላይ፦ ዴስክቶፕ፣ በቀኝ ጥግ ቀይ ማስጠንቀቂያ]

ይቺን ቀይ ሳጥን ሳታውቋት አትቀሩም። «ጥበቃዎ አብቅቷል፣ አሁኑኑ ያድሱ» የምትለዋን። ባለፈው ሰሞን አንዲት ጎረቤታችን ላፕቶፓቸውን አቅፈው መጡ። ልጃቸው ከውጭ የላከላቸው ነው። «ልጄ፣ ይሄን ነገር ሦስቴ አጥፍቼዋለሁ እኮ። ምን አድርጌው ነው የማይለቀኝ?» አሉኝ።

ከፍቼ ሳየው፣ እትዬ ሦስቴ ያጠፉት ዴስክቶፕ ላይ ያለችውን ምልክት ነው። ምልክቷ የበር ደወል ናት። ደወሉን ነቅላችሁ ብትጥሉት ቤት ውስጥ ያለው ሰውዬ አይወጣም። በዚያ ላይ «ቫይረስ አለበት» ብለው አንድ ኮምፒውተር ቤት ወስደውት ኖሮ፣ እዚያ ሌላ አንቲቫይረስ ደርበውበታል። ሁለቱ እርስ በርስ እየተጠባበቁ ላፕቶፑ ዎርድ ለመክፈት እንኳ ያቃስታል።

ለምንድነው እንዲህ ግግም የሚለው? ቫይረስ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ማጥፋት የሚፈልገው ጠባቂውን ነው። ስለዚህ አንቲቫይረስ ሲሠራ ገና በቀላሉ እንዳይነቀል ተደርጎ ነው። ሊያጠፋው የመጣው ቫይረስ ይሁን የላፕቶፑ ባለቤት፣ ለእሱ ያው ነው።

[ስክሪኑ ላይ፦ ከላይ ፕሮግራሞች፣ ከታች «ከርነል» የሚል ክብ]

ደግሞም እንደ ሌላው ፕሮግራም ላይ ላዩን አይቀመጥም። ድራይቨር የሚባሉትን ትንንሽ ፕሮግራሞቹን ከርነል የሚባለው የዊንዶውስ እምብርት ውስጥ ያስገባል። የምትከፍቱት ፋይል በእሱ እጅ አልፎ ነው የሚመጣው። እዚያ ያለ ነገር ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ጁላይ 19 ቀን 2024 ዓለም አይቶታል። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት አንድ የተሳሳተ ፋይል በአፕዴት ላከ። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቀሩ፣ አውሮፕላኖች ሳይነሱ ዋሉ። ብዙዎቹን ኮምፒውተሮች ያስነሷቸው ባለሙያዎች በሴፍ ሞድ ገብተው ያቺን ፋይል በእጃቸው እያጠፉ ነው። ሴፍ ሞድ የሚለውን ቃል ያዙልኝ።

ለዚህም ነው ፕሮግራም ፋይልስ ገብታችሁ የአንቲቫይረሱን ፎልደር ዝም ብላችሁ አትሰርዙ የምለው። አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ይላችኋል። እሺ ካለ ነው የሚያስፈራው። ፋይሉ ጠፍቶ ዊንዶውስ ግን አሁንም እየፈለገው ከሆነ፣ ኢንተርኔት ሊቋረጥ፣ ኪቦርድና ማውስም አልሠራ ሊሉ ይችላሉ።

ወደ ሥራው። ከማንኛውም ነገር በፊት፣ ኢንተርኔቱ ሳለ፣ አንቲቫይረሱን የሠራው ድርጅት ራሱ ያዘጋጀውን፣ ትራፊውን የሚጠርግ ማጽጃ አውርዱ። ትልልቆቹ ሁሉ አላቸው። የማካፊው ኤምሲፒአር ይባላል፣ የአቫስት አቫስትክሊር፣ የካስፐርስኪ ካቭሪሙቨር። ኢሴትም የራሱ አለው። ከድርጅቱ ድረ ገጽ ብቻ ውሰዱ። ጉግል ላይ ከላይ የሚመጣው «ነፃ ማጽጃ» ራሱ ሌላ ማጽጃ የሚያስፈልገው ሊሆን ይችላል።

[ስክሪኑ ላይ፦ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ኢንስቶልድ አፕስ]

ከዚያ አንቲቫይረሱን ክፈቱና ሴቲንግሱ ውስጥ ሴልፍ ዲፌንስ የሚል፣ ማለትም ራሱን እንዳይነቀል የሚከላከልበት፣ ካለ አጥፉት። ቀጥሎ በዊንዶውስ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ኢንስቶልድ አፕስ። ስሙን ፈልጉ፣ ሦስቷን ነጥብ ተጫኑ፣ አንኢንስቶል። እዚህ ጋ ልመና ይጀምራል። «እርግጠኛ ነዎት? ቅናሽ እናድርግልዎ?» ትልቁና ደማቁ ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ «ይቆይ» የሚለው ነው። አንብባችሁ ተጫኑ።

ሲጨርስ ሪስታርት። ሻት ዳውን አድርጎ መልሶ ማብራት አይተካውም። ዊንዶውስ 10 እና 11 ቶሎ ለመነሳት ሲሉ ሻት ዳውን ስትሉ ከርነሉን እንዳለ ዲስክ ላይ አስቀምጠው ያድራሉ። ጠዋት ስታበሩ የትናንቱን ነው የሚያነሱት። ከባዶ የሚጀምረው ሪስታርት ስትሉ ነው።

ቀሪውን ማጽጃው ይጨርሰዋል። የማካፊው በተለመደው ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፣ የአቫስትና የኢሴት ግን ሴፍ ሞድ ይፈልጋሉ። በሴፍ ሞድ ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ ስለሚነሳ ጠባቂው ተኝቷል። ሺፍትን ይዛችሁ ሪስታርትን ተጫኑ። ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት። ዝርዝሩ ሲመጣ 4 ቁጥር።

ቆይ፣ አንድ ነገር። ላፕቶፑ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ እዚህ መንገድ ላይ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ብዙ ጊዜ የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጧል። ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

እንደ እትዬ ላፕቶፕ ሁለት አንቲቫይረስ ካለ አንዱን ጨርሳችሁ፣ ሪስታርት አድርጋችሁ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ውጭ አገር ሆናችሁ በካርድ የከፈላችሁ ደግሞ፣ ፕሮግራሙን ማጥፋት ክፍያውን አያቋርጥም። አካውንታችሁ ገብታችሁ አውቶ ሪኒዋሉን፣ በራሱ የሚያድሰውን፣ ካላጠፋችሁ በዓመቱ ይቆርጥባችኋል።

[ስክሪኑ ላይ፦ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ]

እትዬ ቀይዋ ሳጥን ስትጠፋ ደስ አላቸው። ወዲያው ግን «ታዲያ አሁን ማን ይጠብቀዋል?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ከ2012 ማለት ነው፣ ዲፌንደር የሚባለው የማይክሮሶፍት የራሱ ጠባቂ ከነሙሉ አንቲቫይረሱ አብሮ ይመጣል። ሌላ ሲጫን ገለል ይላል፣ ሌላው ሲወጣ ራሱ ይመለሳል። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ከፍታችሁ አረንጓዴ ምልክት ካያችሁ ሥራ ላይ ነው። የድሮው ስም እዚያ ተጽፎ ካገኛችሁ ግን አልወጣም፤ ማጽጃውን ድገሙት።

ዲፌንደሩንስ እንዴት ላጥፋው የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ክራክ፣ ሳይከፈልበት የተሰበረ ፕሮግራም፣ ልትጭኑ ነው አይደል? እሱን እኔ አላሳያችሁም።

ለእትዬ የቀረው ፍላሽ ነበር። ፎቶ ቤት ሄደው ሲመለሱ ፍላሹ ሁሌ ፋይሎቹን ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ፍላሹን ሰኩት፣ በቀኝ ክሊክ፣ ሾው ሞር ኦፕሽንስ፣ ስካን ዊዝ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር። መጀመሪያ ስካን፣ ከዚያ መክፈት። ሁለቴ አሳየኋቸው፣ ሦስተኛውን ራሳቸው አደረጉት።