የጃንጎ ቃላትና የሥራ ድንበራቸው

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። በዛሬው ክፍል እንግዳ የለኝም፤ ለረጅም ጊዜ ሳሰላስለው ስለቆየሁት አንድ ጉዳይ ብቻዬን ላወጋችሁ ነው። ጉዳዩ ጃንጎ የተባለው የዌብ ፍሬምወርክ፣ ማለትም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ድረ ገጽ ለመሥራት የሚያገለግለው የኮድ ማዕቀፍ፣ የሚጠቀምባቸው ዋና ዋና ቃላት ናቸው። ከጀማሪ ፕሮግራመሮች ጋር ተቀምጬ ሥራቸውን ስመለከት ደጋግሜ የማስተውለው ነገር አለ፤ ፓይተንን አጥርተው የሚያውቁ፣ ሉፑንም ክላሱንም ሳይቸገሩ የሚጽፉ ልጆች፣ ይህ ኮድ ሞዴሉ ውስጥ ይግባ ወይስ ቪው ውስጥ የሚል ጥያቄ ሲመጣባቸው ግራ ይጋባሉ። የችሎታ ማነስ አይመስለኝም። ሞዴል፣ ቪው፣ ቴምፕሌት የሚሉትን ቃላት የፋይል መጠሪያ አድርገው ስለተማሯቸው ነው እንጂ፣ እያንዳንዱ ቃል ምን እንደሚሠራና በተለይም ምን እንደማይሠራ የሚደነግግ የሥራ ድንበር መሆኑን የነገራቸው ሰው የለም።

ጃንጎ የተፈጠረው በአንድ ጋዜጣ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካዋ የካንሳስ ግዛት፣ ሎረንስ በምትባል ከተማ፣ ሎረንስ ጆርናል ወርልድ በተባለው ጋዜጣ ይሠሩ የነበሩት አድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን ለጋዜጣው ድረ ገጾች ማሠሪያ ብለው ጀመሩት፤ በኋላም ጄከብ ካፕላን ሞስ ተቀላቀላቸው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2005 ማንም ሰው በነጻ እንዲጠቀምበት ሲለቀቅ ስሙን ያገኘው ከጃዝ ጊታሪስቱ ጃንጎ ራይንሃርት ነበር። ይህን ታሪክ የማነሳው ለጌጥ አይደለም። ጋዜጣ ቤት ውስጥ ዘጋቢው፣ አርታኢውና ገጽ አቀናባሪው የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ሥራውም ለነገ የማይባል ነው። በእንዲህ ያለ ቤት የተሠራ ፍሬምወርክ ክፍሎቹን በሥራ ድርሻ መለያየቱ ሊያስገርመን አይገባም።

በድርሻ ክፍፍሉ ላይ ትልቁ ግርታ የሚነሳው ቪው ከሚለው ቃል ነው። ኖርዌያዊው ትሪግቬ ሬንስካውግ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ሳለ ያረቀቀው ሞዴል፣ ቪው፣ ኮንትሮለር የሚባል አከፋፈል አለ፤ በምሕጻር ኤምቪሲ እንለዋለን። በዚያ አከፋፈል ቪው ማለት ለተጠቃሚው የሚታየው ገጽታ ነው። ከሌላ ፍሬምወርክ ወደ ጃንጎ የመጣ ሰው ይህን ይዞ ይመጣና፣ የጃንጎ ቪው ኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) የሌለበት የፓይተን ፈንክሽን ወይም ክላስ ሆኖ ሲያገኘው ስሙ የተሳሳተ ይመስለዋል። የጃንጎ ሠሪዎች ግን ቃሉን የተረዱት በራሳቸው መንገድ ነው፤ ቪው የትኛው መረጃ ለተጠቃሚው እንደሚቀርብ ይወስናል፣ መረጃው እንዴት ሆኖ እንደሚታይ የሚወስነው ደግሞ ቴምፕሌት ነው። ኮንትሮለሩስ የት ሄደ ለሚል ሰው፣ የመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ በዩአርኤሉ፣ ማለትም በገጹ አድራሻ፣ መሠረት ወደሚመለከተው ቪው የሚያደርሰው ፍሬምወርኩ ራሱ ነው የሚል መልስ አላቸው። ስለዚህም አከፋፈሉን ሞዴል፣ ቴምፕሌት፣ ቪው ይሉታል፤ ሞዴል መረጃውንና የመረጃውን ሕጎች የሚይዘው ክፍል ነው።

ይህ ልዩነት የስም ጨዋታ የሚመስለው ካለ አንድ ምሳሌ ላቅርብለት። የክፍያ መመዝገቢያ መተግበሪያ ለአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት በጃንጎ እየሠራን ነው እንበል። ዳታቤዙ ቀኑን የሚያስቀምጠው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ግን ማየት የምትፈልገው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ይህ የማን ሥራ ነው? ቀኑ ያው ቀን ነው፤ የሚለወጠው አጻጻፉ ብቻ ነው። ስለዚህ ቦታው ቴምፕሌት ነው፤ ቀኑን ተቀብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያወጣ አንድ የቴምፕሌት ፊልተር፣ ማለትም የአጻጻፍ መቀየሪያ፣ ይበቃዋል። ሠራተኛዋ በማግስቱ መጥታ የመስከረም ወር ክፍያዎችን ብቻ አሳየኝ ብትል ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። መስከረም በአብዛኛው ከጎርጎርዮስ ሴፕቴምበር 11 እስከ ኦክቶበር 10 ነው፣ በአንዳንድ ዓመታት ደግሞ በአንድ ቀን ይገፋል፤ የትኞቹ ክፍያዎች በዝርዝሩ ይግቡ የሚለውን መወሰን የትኛው መረጃ ይቅረብ የሚል ጥያቄ ስለሆነ ቦታው ቪው ነው። የመክፈያው የመጨረሻ ቀን የክፍያ መጠየቂያው ከወጣበት ቀን መቅደም የለበትም የሚለው ሕግስ? እርሱ በየትኛውም የዘመን አቆጣጠር፣ በየትኛውም ገጽ ላይ እውነት ሆኖ መቆየት ስላለበት ቦታው ሞዴል ነው። ሦስቱም ጥያቄዎች ስለ ቀን ናቸው፤ ሦስቱም ግን የተለያየ ቤት አላቸው። የቃላቱን ድንበር ያወቀ ሰው ይህን ለመመለስ ብዙ አይደክምም፤ ያላወቀ ሰው ሦስቱንም አንድ ቪው ውስጥ ይከምርና ከዓመት በኋላ ራሱም ሊነካው የሚፈራው ኮድ ይሆንበታል።

ሞዴል ውስጥ ከገባን ዘንድ ፊልድንና ፕሮፐርቲን ለይቶ ማወቅ ያሻል። ፊልድ በዳታቤዙ ሰንጠረዥ ውስጥ የራሱ ዓምድ ያለው መረጃ ነው፤ የክፍያው መጠን፣ የክፍያው ቀን። ፕሮፐርቲ ደግሞ በተጠየቀ ቁጥር ፓይተን አስልቶ የሚሰጠው ነው፤ ለምሳሌ ክፍያው ስንት ቀን እንደዘገየ። ቴምፕሌት ውስጥ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ነጥብ ስለሚጠሩ አንድ ይመስላሉ። ሆኖም ከሠላሳ ቀን በላይ የዘገዩትን ለይተህ አምጣ ብለን ፊልተር (ከዳታቤዙ መረጃ መምረጫ) በፕሮፐርቲው ስም ብንጽፍ ጃንጎ እንዲህ ያለ ፊልድ አላውቅም ብሎ ይመልሰናል፤ ዳታቤዙ ስለ ፓይተን ስሌት የሚያውቀው ነገር የለምና። ስሌቱን ለዳታቤዙ ራሱ መስጠት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የወጣው ጃንጎ 5.0 ከሌሎች ፊልዶች ተሰልቶ በዳታቤዙ የሚመነጭ የፊልድ ዓይነት ጨምሯል። እንደ ዛሬው ቀን በየዕለቱ በሚለዋወጥ ነገር ላይ ለቆመ ስሌት ግን ያም አይሆንም፤ ስለዚህ የዘገዩትን ለማግኘት የመክፈያው ቀን ከዛሬ ሠላሳ ቀን በፊት የነበረውን አምጣ ብሎ በፊልዱ መጠየቅ ይቀላል። ሰንጠረዥ የሌለውን አብስትራክት ሞዴልና ሰንጠረዥ ያለውን ኮንክሪት ሞዴል በተመለከተ ብዙ የምለው የለም፤ የመጀመሪያው ለሌሎች የሚያወርሰው እንጂ ራሱ የሚያስቀምጠው መረጃ የሌለው ነው።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደምወደው ቃል ልምጣ፤ ኩዌሪሴት ነው። ስሙን ሰምቶ ከዳታቤዝ የመጣ የመረጃ ስብስብ ነው ብሎ የማያስብ ጀማሪ ብዙ አላየሁም፤ መጀመሪያ ላይ ግን ውስጡ አንዳችም መረጃ የለም። ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ ነው፤ ተጽፎ ያለቀ፣ ግን ገና ፖስታ ቤት ያልደረሰ ደብዳቤ በሉት። ፊልተር ብንጨምርበት፣ ቅደም ተከተል ብንሰጠው፣ የተወሰኑትን አስወግድ ብንለው፣ ዳታቤዙ እስካሁን ምንም አልሰማም። የሚሰማው በሉፕ ስንዞርበት፣ ወደ ሊስት ስንቀይረው ወይም ርዝመቱን ስንጠይቀው ነው። ይህ ጠባይ የታሰበበት ነው፤ ቪው ጥያቄውን ደረጃ በደረጃ እንዲገነባና በመጨረሻ አንዴ ብቻ እንዲልከው ያስችላል።

እዚህም ላይ ድንበሩን አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። ከመቶ ክፍያዎች ጋር የእያንዳንዱን ደንበኛ ስም በአንድ ገጽ እናሳይ። ኩዌሪሴቱ መቶዎቹን ክፍያዎች በአንድ ጥያቄ ያመጣል፤ ቴምፕሌቱ ግን በየክፍያው የደንበኛውን ስም ሲጠራ ጃንጎ ሳይነግረን በየጊዜው ወደ ዳታቤዙ ይመላለሳል፤ በጠቅላላው 101 ጥያቄ ይሆናል። በሠሪው ኮምፒዩተር ላይ፣ ዳታቤዙ እዚያው አጠገቡ ስላለና የሙከራ መረጃው ትንሽ ስለሆነ፣ ምንም አይታወቅም። ዳታቤዙ በሌላ ማሽን ላይ ተቀምጦ መረጃው ሲበዛ ግን ገጹ ይጎተታል፤ ሰውም ኢንተርኔቱን ይወቅሳል። መድኃኒቱ አንድ ቃል ነው፤ ሰሌክት ሪሌትድ ብንለው ደንበኞቹን ከክፍያዎቹ ጋር አጣምሮ 101ዱን ጥያቄ አንድ ያደርገዋል። አንዱ ነገር ከብዙ ነገሮች ጋር በሚገናኝበት ጊዜ ደግሞ ፕሪፌች ሪሌትድ አለ፤ እርሱ ሁለት ጥያቄ ልኮ ውጤቱን በፓይተን ያጣምራል። ይህን ለጀማሪ ለማስረዳት መነሻዬ ሁልጊዜ ኩዌሪሴት ምን እንደሆነ ነው። ደብዳቤው መቼ እንደሚላክ የተረዳ ልጅ መድኃኒቱን ራሱ ይፈልገዋል።

ፕሮጀክትና አፕ በሚሉት ላይ ደግሞ ግርታው የሚመጣው ከስልካችን ነው። እኛ አፕ ስንል ስልክ ላይ የምንጭነውን ሙሉ መተግበሪያ ማለታችን ነው። በጃንጎ ሙሉው ነገር ፕሮጀክት ይባላል፤ አፕ አንድን ተግባር ብቻ የያዘ የፓይተን ጥቅል ነው። የክፍያ ምዝገባው አንድ አፕ፣ የደንበኞች መዝገብ ሌላ አፕ ሊሆን ይችላል፤ የተጠቃሚዎች መግቢያና ያ ብዙዎች የሚወዱት የአስተዳዳሪ ገጽ እንኳ ከጃንጎ ጋር አብረው የሚመጡ አፖች ናቸው። አንድ ነገር ለብቻው አፕ መሆን አለበት ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የምመልሰው፣ ከዚህ ፕሮጀክት ነቅለህ ሌላ ፕሮጀክት ላይ ብትተክለው ትርጉም ይሰጣል ወይ የሚለውን ነው። ለእያንዳንዱ ሞዴል አንድ አፕ የሚከፍቱ ቡድኖችም አሉ፤ እኔ ይህን አልደግፍም፤ አፖቹ እርስ በርስ እየተጣሩ መለያየታቸው ስም ብቻ ይሆናል።

በመጨረሻ የማነሳው ቃል ስለግ ነው፤ ከጋዜጣ ቤት በቀጥታ የመጣ ነው። በጋዜጣ ሥራ ስለግ አንድ ጽሑፍ እስኪታተም ድረስ የሚጠራበት አጭር ስም ነው፤ በጃንጎም በዩአርኤሉ ውስጥ የሚገባው አጭር መለያ ይህን ስም ወርሷል። በአማርኛ ድረ ገጽ ለሚሠራ ሰው ይህ ቃል ቀላል አይደለም። ከርዕስ ስለግ የሚያወጣው ስለጊፋይ የተባለው የጃንጎ ፈንክሽን፣ እንደተለመደው ከተጠቀምንበት፣ አስኪ ከተባለው መሠረታዊ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ስብስብ ውጪ ያለውን ፊደል ሁሉ ይጥላል። ርዕሱ በሙሉ በግዕዝ ፊደል ከተጻፈ የሚመልሰው ባዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ጃንጎ 1.9 አላው ዩኒኮድ የሚል ምርጫ ተጨምሯል፤ እርሱን ስንከፍት ፊደላችን ይቆያል። በሞዴሉ የስለግ ፊልድ ላይም ይኸው ምርጫ መከፈት አለበት።

በዚህ አያበቃም። በዩአርኤል ዝርዝሩ ውስጥ ያለው ስለግ የተባለው መቀበያ ከላቲን ፊደል፣ ከአኃዝ፣ ከሰረዝና ከታች ሰረዝ (_) ውጪ አይቀበልም፤ ስለዚህ ሞዴሉ ላይ የተፈቀደው የአማርኛ ስለግ በሩ ላይ ይመለሳል፤ ጎብኚውም ገጹ የለም የሚል መልስ ያገኛል። ስትር የተባለውን መቀበያ መጠቀም ወይም የራስን መቀበያ ጽፎ መመዝገብ ያስፈልጋል። በተጨማሪም እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደላት መመዝገቢያ ሥርዓት ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ሊንኩ ሲቀዳ በመቶኛ ምልክት እየተመነዘረ አንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል፤ የስለግ ፊልድ በነባሪው የሚፈቅደው 50 ፊደል በሙሉ ግዕዝ ቢሆን 450 ምልክት ይወጣዋል። በዚህ ምክንያት ብዙ የአማርኛ ገጾች ርዕሱን በላቲን ፊደል ጽፈው ይገላገላሉ። እኔ ግን የአማርኛው ስለግ ይሻለኛል፤ አንባቢ በብሮውዘሩ የአድራሻ ሳጥን የሚያነበው የገዛ ቋንቋውን ነው፤ በላቲን ፊደል ስንጽፍ ደግሞ ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን፣ እንደ ጸ ያለውንም ፊደል ሰው ሁሉ እንደፈለገ ስለሚጽፈው ወጥነት ያጣል። የምመክረው ስለጉን ከሦስት ወይም ከአራት ቃል እንዳይበልጥ አድርጎ አርታኢው በእጁ እንዲጽፈው፣ ከፊቱም የጽሑፉን መለያ ቁጥር ማስቀመጥ ነው። ቪው ጽሑፉን የሚፈልገው በቁጥሩ ከሆነ፣ ሊንኩ በመንገድ ላይ ተቆርጦ ጫፉ ቢጠፋ እንኳ አንባቢው ያሰበው ጽሑፍ ላይ ይደርሳል።

ሚድልዌርና ማይግሬሽን ስለሚባሉት ሌሎች የጃንጎ ቃላት ዛሬ አልተናገርኩም፤ እነርሱን በሚቀጥለው ክፍል እመለስባቸዋለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።